የዳማው ይመር

ዛሬ ጠዋት ከኮምቦልቻ ተደውሎ «ጋሽ ይመር ሞቱ» ሲባል፣ «የትኛው ይመር?» ብዬ ጠየቅሁ። በእኛ አገር ይመር የሚባል ሰው ብዙ ነው፤ ሌላ ይመር እንዲሆን ተመኘሁ። በሌላ ሰው ላይ ሞት መመኘቴ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የደወለልኝ ጋሪ ነጂ «የዳማው ይመር» አለኝ። ከዚያ በኋላ የማጣራው ነገር አልነበረም።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ይመር ኮምቦልቻ ውስጥ ጋሪ የሚነዱ አዛውንት ነበሩ። ዳማ ፈረሳቸው ነው። የእንስሳት ሐኪም ብሆንም ዘሩን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ደረቱ ሰፊ፣ አጥንቱ ወፍራም ነው፤ ሌሎቹ የጋሪ ፈረሶች አጠገቡ ሲቆሙ ውርንጭላ ይመስላሉ። ግዝፈቱን ያየ ይሸሸዋል፤ እሱ ግን ሕፃን ሆዱ ሥር ቢገባ እስኪወጣ ድረስ እግሩን አያነሣም። አንድ ጉድለት አለበት። ሌላ ፈረስ ሲከብደው ይቆማል፤ ዳማ እስኪወድቅ ይስባል።

«እሱ እምቢ ማለት አያውቅም» ይሉ ነበር ጋሽ ይመር፤ «እኔ ልበልለት እንጂ።»

ስለዚህ ዳገት ላይ ተሳፋሪውን ሁሉ ያወርዱ ነበር። አንድ ቀን እኔም ከወረዱት አንዱ ነበርኩ። አንዲት ሴት ዘንቢሏን ታቅፋ እየወጣች፣ «ጋሽ ይመር፣ ጋሪ ተሳፍሬ በእግሬ ስሄድ ያየኝ ሰው ምን ይለኛል?» አለቻቸው።

«ፈረስ አሳረፈች ይልሻል። አላህ ዘንድ አጅሩ ያንቺ ነው፤ ተራመጂ።»

እርሳቸውም ከጎኑ እየሄዱ አንገቱን መታ መታ ያደርጉታል፦ «አብሽር ዳማዬ፣ አብሽር።»

የተዋወቅነው በእኔ ስህተት ነው። ዳማ ደረቱ ቆስሎ ኮምቦልቻ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጣ፤ ቅባት ሰጠሁ። ተመለሰ፤ ሌላ ቅባት ሰጠሁ። በሦስተኛው ጋሽ ይመር ደረቱ ላይ የሚያርፈውን የቆዳ ጠፍር ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። የውስጥ ስፌቱ ሻክሮ ነበር። «ዶክተር፣ ቁስሉን ደጋግመህ አየኸው። ያቆሰለውንስ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ዳማን ከጋሪው ሲያስሩት፣ መዳፋቸውን በጠፍሩና በደረቱ መካከል አስገብተው አንድ እርምጃ ያስስቡት ነበር። «መጀመሪያ እኔን ይቁረጠኝ» ይላሉ። ይህን ዩኒቨርሲቲ ማንም አላስተማረኝም።

በቅርቡ ዳማ ማርጀቱን አብረን አየን። ያረጀ የጋሪ ፈረስ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ አስፋልት ዳር ይለቀቃል። «ከእሱ በፊት ከሄድኩ መንገድ ላይ እንዳይጥሉብኝ። ትወስደዋለህ?» አሉኝ።

«ሁኔታዎችን አይቼ አሳውቅዎታለሁ» አልኩ።

ሳቁ። «አንተ ደግሞ እሺ ማለት ከዳገት ይብስብሃል።»

አላሳወቅኋቸውም። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር በተከራየሁት ግቢ ፈረስ ማኖር እንደማይቻል ለራሴ ደጋግሜ አስረዳሁ። ምክንያቱ ትክክል ነበር፤ መልስ ግን አልነበረም።

ዛሬ ከቀብር ስንመለስ ዳማ ደጃቸው ላይ ታስሮ ነበር። ሰው በመጣ ቁጥር ጆሮውን ያቆማል፤ የጋሽ ይመር ኮቴ አለመሆኑን ሲለይ መልሶ ይጥለዋል። ከጋሪ ነጂዎቹ አንዱ «አርጅቷል እኮ፤ አሁን ይህን ማን ይወስደዋል?» አለ።

«እኔ» አልኩ። ኩታበር ግጦሽ ላለው ወንድሜ የደወልኩት ከዚያ በኋላ ነው። «አምጣው» አለኝ። ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ልደውለው የምችለው ስልክ ነበር።

ጋሽ ይመር፣ መልሴ ዘግይቷል። እሺ። ይህን የሚያነበውን ሰው ሁሉ ምስክር አድርጌ፣ እሺ።

ነገ ዳማ ወደ ኩታበር ሲሄድ የሐረጎን ዳገት በአይሱዙ ተሳፍሮ ይወጣል፤ የሚስበው ነገር የለም። እኔ ከጎኑ ቆሜ እርስዎ ይሉት የነበረውን እለዋለሁ።

አላህ ይዘንልዎ። አብሽሩ፣ ጋሽ ይመር።