እናቴና የሚራመዱት ዛጎሎች

አሰብ አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ የሰው ቡፌ ላይ ብርጭቆና ሳህን ሲደረደር የእኔ ላይ ጉድ ይደረደር ነበር። ከከተማው ጀርባ ካለው ጥቁር ኮረብታ የለቀምኩት ባልጩት፣ የሰጎን እንቁላል፣ ከበይሉል መንደር ያመጡልኝ የመጋዝ ዓሣ አፍንጫ፣ ማዕበል የተፋው ሰማያዊ አበባ ያለበት የሳህን ስባሪ። የየት አገር ሴት በልታበት ይሆን እያልኩ ስባሪዋን ሳገላብጥ ሻዬ ይቀዘቅዛል። አሰብ ላይ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ስንት እንደሚፈጅ የኖረበት ያውቀዋል! ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን ዛጎሎቼን ነበር።

እናቴ ከደሴ መጣች። ልትጠይቀኝ አልነበረም፤ ልትወስደኝ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ እኔ ደግሞ አንድዬዋ ነኝ። ከአውቶቡስ ወርዳ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «በስመ አብ! ልጄን እዚህ እሳት ውስጥ ነው የጣሏት?» አለች። ከዚያ ወዲያ ምሳ ቀረበ ራት ቀረበ፣ ወሬዋ አንድ ሆነ።

«ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።»

ማን ጫነኝ፣ ማን ለጎመኝ? እላለሁ በልቤ። በአፌ ግን «እሺ እማዬ፣ እናስብበታለን» ነው። አሰብን መልቀቅ አልፈልግም ነበር፤ ግን አልቅሳ «ነይ» ያለችኝ እንደሆነ እምቢ የምልበት አንጀት እንደሌለኝ አውቃለሁ። ባሕሩን እንኳ ላሳይሽ ብላት «ውሃ መች አጣሁ?» ብላ ቤት ተቀመጠች።

እኔ ደግሞ ባሕሩ ካልተሄደ ባሕሩ ይምጣ ብዬ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከዳርቻው ዛጎል ለቅሜ መጣሁ። ቡፌው ላይ ደረደርኩላት። አንዱ ጭብጥ የሚያክል፣ ነብርማ፣ ዓይን የሚያፈዝ! እኛ ደገኞች ዛጎል የምናውቀው አንቀልባ ላይ ተሰፍቶ ነው፤ ጌጥ እንጂ ቤት መሆኑን ማን ነግሮን?

ከምሳ በኋላ፣ በዚያ ሙቀት ከተማው ሁሉ ጋደም ሲል፣ እኛም ጋደም አልን። ቋ! የሚል ነገር ሰማሁ። ቀጥሎ የእናቴን ጩኸት። ብድግ ብል አልጋዋ ላይ ቆማ፣ ከደሴ ይዛው የመጣችውን ጸበል ወለሉ ላይ ትረጫለች። ዛጎሎቹ ወለሉ ላይ ይሄዳሉ!

«ወይ ጉዴ! አንቺ ልጅ፣ ምን ዓይነት ቤት ነው ያለሽው?»

ጎረቤቴ፣ የወደብ ሠራተኛ ሚስት የሆነች የአፋር ሴት፣ ጩኸቱን ሰምታ ሮጣ መጣች። አየችና ሳቋ አሸንፏት በሩ ላይ ቁጭ አለች።

«እማማ፣ አብሽሩ! ሸርጣን ነው። የሞተ ቀንድ አውጣ ቤት ገብቶ የሚኖር ሸርጣን ነው።»

እናቴ ቀስ ብላ ወረደች። ነብርማውን ጎንበስ ብላ አየችው። እኔ ዓይኔ ቅርፊቱ ላይ ነውና፣ «ውሃ አፍልተን ብናስወጣውስ?» አልኩ፤ ሌሎቹ አስተማሪዎች እንደዚያ ሲያደርጉ አይቻለሁ።

«ከነቤቱ ልትቀቅዪው? እግዜር አይወድልሽም። የመጣበት እንመልሰዋለን!»

ፀሐይዋ በረድ ስትል እሷው ራሷ ሁሉንም በሳህን ይዛ ወጣች። ባሕሩ ዳር ስንደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ብዙ ቆይታ ጫማዋን አወለቀች፤ እግሯን ነከረች፤ ጣቷን ላሰች።

«ጨው! ይሄ ሁሉ?»

ሌሎቹን ለቅቃ ነብርማውን አሸዋው ላይ አስቀመጠችው። ንቅንቅ አላለም። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ጠበቀችው። በመጨረሻ እግሮቹን ብቅ ብቅ አድርጎ ወደ ውሃው ገሰገሰ። እናቴ እንደ ልጃገረድ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሳቋን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

እኔም አፌ ተፈታ። ያ ሳምቡክ የሚሉት ባለሸራ ጀልባ ከየመን ነው የሚመጣው፣ እማዬ፤ ያቺ ደሴት እንዲህ ናት፤ ያ ወፍ ዓሣ ሲያጠምድ ብታዪው! ለፈለፍኩ። ዞር ስል ባሕሩን ትታ እኔን ታያለች።

«እንዲህ ስታወሪ ከልጅነትሽ ወዲህ አይቼሽ አላውቅም» አለች።

የመሄጃዋ ቀን መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እስከ ክረምት ልቆይ፣ ተማሪዎቼን ፈተና ላድርስ፤ ሁሉንም በቃሌ አጥንቼዋለሁ። አውቶቡሱ ጋ ጉንጮቼን አገላብጣ ሳመችኝ፤ መረቀችኝ። ስለ መንገዱ አወራች፤ ስለ ጎረቤቴ ደግነት አወራች። ገብታ ተቀመጠች። ሞተሩ ሲነሳ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ፣ «ውሃ ጠጪ፣ እሺ? ውሃ ጠጪ» አለችኝ። ሄደች።

«ኧረ አልሐምዱሊላህ! ተረፍሽ» አለች ጎረቤቴ ትከሻዬን መታ አድርጋ።

እኔ ግን እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «ምን ሆንሽ? የፈለግሽው አይደል?» አለችኝ ደንግጣ።

«ነይ አላለችኝም እኮ» አልኳት። «አንዴ እንኳ፣ ነይ አላለችኝም።»