ከአንቺ ቀጥሎ ወዴት ይሄዳል?

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው አመድ ውስጥ የተቀበረው ድንች እስኪበስል ነበር። ቤታችን ጉና ተራራ ሥር ስለነበር ብርዱ ፀሐይ ስትጠልቅ አብሯት ይወርዳል። ያኔ የአባቴ አጎት አብዬ ደምሴ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ምድጃው አጠገብ ይቀመጡና ፍሙን በእንጨት ገለጥ አድርገው ድንቹን አንድ በአንድ ይቀብሩታል። የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን ያስለቅሰዋል፣ ኩራዙ ምሰሶው ላይ ይርገበገባል፣ እኛ ልጆች ግን ከጭሱ ለመሸሽ ብለን ከፍሙ አንርቅም። ተረቱ ሳያልቅ ወደ ድንቹ እጁን የሰደደ መቆስቆሻውን ይቀምሳል።

አብዬ ደምሴ የአገሩ የውኃ አባት ነበሩ። ከምንጩ የሚወርደውን ቦይ ለገበሬው በተራ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው። ማሳቸው ከሁሉም በታች፣ ቦዩ የሚያልቅበት ላይ ነበር፤ የተመረጡትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ላይ ያለ ሰው ስለ ታች ሰው አይጨነቅማ። ውኃ ሊለምናቸው የመጣን ሰው ምን ያህል እንደሚፈልግ አይጠይቁትም። «ከአንተ ቀጥሎ ወዴት ይሄዳል?» ነው የሚሉት። ትርፉ የሚወርድበትን ቦይ ጠርጎ ያላሳያቸው ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ ተራ አያገኝም ነበር።

ብዙ ተረት አውርተውልናል፤ ያልለቀቀኝ ግን አንዱ ነው። አንዲት የባለጸጋ ሚስት ከቤቷ በላይ ካለ ምንጭ ስትቀዳ ፊቷን ውኃው ላይ አየች አሉ። ፊቷ አማራትና፣ ሌላ ሴት እንስራዋን ነክራ እንዳትበጠብጥባት ምንጩን በእሾህ አሳጠረችው፤ መውረጃውንም በጭቃ አስደፈነችው። ውኃው ተኛ። ሲውል ሲያድር አረንጓዴ ቆዳ አወጣ፣ እንቁራሪት ፈለፈለ፣ ሸተተ። አንድ ጠዋት ጎንበስ ብትል ከውስጥ የምታያት ሴት ዓይኗ ሞጭሟጫ፣ ጠጉሯ ዝቃጭ ሆነ። «አንቺ ማነሽ?» አለቻት፤ ውኃውም፣ «ራስሽ ነሽ። እኔ እየሄድሁ ነበር፤ ያቆምሽኝ አንቺ» አላት።

«ከዚያስ ምን አደረገች አብዬ?» አልኋቸው፤ ያኔ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው።

«ፊቷን ልትታጠብ ሄደች።»

«በምን ውኃ?»

አብዬ ደምሴ ሳቁ። «እሱን አንቺ ድረሽበት» ብለው ትልቁን ድንች ሰጡኝ፤ አፌን እያቃጠለኝ በላሁትና ጥያቄውን ረሳሁት።

አሁን አርባን አልፌያለሁ። ደብረ ታቦር ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ መምህር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከከተማው ዳር፣ ቁልቁለት ላይ ቤት ሠራን። ከቦታችን በላይኛው ጥግ እንደ ጣት የቀጠነች፣ በጋ ከክረምት የማትደርቅ ምንጭ ነበረች። ሰፈሩ ከእሷ ይቀዳ ነበር። ቦታው የእኛ ሲሆን ግንብ አቆምን፤ ምንጯም ከውስጥ ቀረች።

እኔ ደግሞ አንድ አምሮት ነበረብኝ። ባሕር ዳር ለስብሰባ ስሄድ የማርፍበት ሆቴል ግቢው ውስጥ ክብ ኩሬ አለው፤ ከመሐሉ ውኃ ወደ ላይ እየተፈናጠረ ይወርዳል፣ ዳርና ዳሩን ነጭ ጠጠር፣ ከሥሩ መብራት። ስልኬን በእንዲህ ዓይነት ሥዕል ሞላሁት። ለግቢዬም ራሴ ነደፍሁ፤ ምንጯ ክዳን ባለው የድንጋይ ሣጥን ትታቀፋለች፣ በድንጋይ ደረጃ ላይ እየተንሿሿች ትወርዳለች፣ ከታች ቀይ ዓሣ ያለበት ኩሬ ይቀበላታል፣ ከኩሬው መሐል በፓምፕ የሚረጭ ፏፏቴ። ግንበኛው አዲሱ የሚባል የይፋግ ሰው ነበር፤ ንድፌን አገላብጦ አየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«እትዬ፣ ትርፉን ውኃ ወዴት ላውጣው?»

የአብዬ ደምሴ ጥያቄ ነበር። አልሰማሁትም። ወይም ሰምቼዋለሁ። ምክንያቱም በዚያው ሳምንት ጎረቤታችን እማማ ይመኙሻል ከነጄሪካናቸው በር ላይ ጠብቀው፣ «ልጄ፣ አጥሩን እንኳ አጠርሽ፣ ያንቺው ነው። ከግንቡ ሥር አንዲት ቧንቧ ብትተዪልን ግን ምናለ? ወንዙ ለጉልበቴ ራቀኝ» ብለውኝ ነበር። እኔም፣ «እናያለን እማማ» አልኋቸው። ቢሮ ባለጉዳይ የምንሸኝበት ቃል ነው፤ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። ቧንቧ ቢወጣ ደጄ በጄሪካን ሰልፍና በጭቃ እንደሚሞላ ታየኝ። ስለዚህ አዲሱን፣ «የትም አይውጣ። ኩሬው ሲሞላ የሚዘጋ ነገር አድርግበት» አልሁት። ትከሻውን ሰበቀና፣ ሽንት ቤት ሣጥን ላይ እንዳለው ሲሞላ ራሱን የሚዘጋ መዝጊያ ገጠመለት።

ለፋሲካ የመሥሪያ ቤት ሰዎችና ዘመዶች ጠራን። ፏፏቴውን ከፈትሁት። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ከበጉም ከጠላውም ይልቅ ሰው ያንን እንዲያይልኝ ነበር የጓጓሁት። ንፋስ ሲመጣ ብናኙ እንግዶቹ ላይ ይረጫል፤ አንዷ ባልደረባዬ ፊቷን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «ኧረ ጠበል ነው! በልተን ጠጥተን ተጠመቅን!» ብላ ሰውን አሳቀችው። አንድ ደስ የማይል ሽታ ግን ሽው ይል ነበር። ባለቤቴ፣ «የበጉ ቆዳ ነው፤ አጥር ላይ ሰቅለውት» አለና ቆዳውን አስነሣው። ሽታው አልተነሣም።

በማግስቱ ኩሬው ዳር ሦስት ዓሦች በጀርባቸው ተንጋለው አገኘሁ። ውኃው ላይ እንደ አክታ የሚሳብ ልጋግ ነበር። ከኩሬው በላይ ያለው ሣር ስረግጠው እንደ እርጥብ ስፖንጅ ሰመጠ፤ ጫማዬን ሳነሣ የወጣውን ሽታ አሁን ስጽፈው እንኳ አፍንጫዬን እይዛለሁ። ከዚያ ሣር ሥር የሽንት ቤታችን ጉድጓድ እንዳለ አውቃለሁ።

ያኔ ነው ወደ ሥራ ለመሄድ ስወጣ እማማ ይመኙሻልን ከግንባችን ሥር ያገኘኋቸው። ከግንቡ መሠረት ድንጋይ መሐል ውኃ እየጠፈጠፈ ይወርዳል፤ እሳቸው ቅጠል እንደ አሸንዳ አድርገውበት ጄሪካናቸውን ደግነውለታል። ሲያዩኝ ተነሡ፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«እግዜር ያክብርልኝ ልጄ! ሰማሽኝ። የውኃ ጥም አያሳይሽ፤ ልጆችሽ ይባረኩ።»

«አሜን፣ እማማ» አልሁ።

አላወቅሁም ማለት ብችል ደስ ባለኝ። ጫማዬ ገና ይሸት ነበር። ግን ምን ልበላቸው? ያ የእኔ ቧንቧ አይደለም፣ የእኔ ሽንት ቤት ነው ልበል? ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ አዲሱ መጥቶ ይየው አልሁ። ለራሴም እናያለን አልሁ። ቢሮ ገብቼ ሻይ አዘዝሁ።

አዲሱ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። የጉድጓዱን ክዳን ሲያነሣው እሱም አፍንጫውን ያዘ። ኩሬው ሲሞላ መዝጊያው ተዘግቷል፤ ምንጯ ግን መፍሰሷን አላቆመችም። በመሬት ውስጥ መንገድ ፈልጋ ወደ ጉድጓዱ ገብታለች፣ ሞልታዋለች፣ ከነያዘው ይዛው ወጥታ አንዱ ወደ ኩሬው፣ አንዱ ወደ ግንቡ ሥር ወርዷል። ፓምፑም ያንኑ እየመጠጠ ወደ ላይ ሲረጨው ሰንብቷል። እንግዶቼን ያጠመቅሁት በዚያ ነው።

«ምንጭ ታስሮ አይቀመጥም እትዬ» አለ አዲሱ፤ «ጠይቄዎት ነበር።»

እየሮጥሁ ወደ እማማ ይመኙሻል ቤት ሄድሁ። መደባቸው ላይ ተኝተዋል፤ ከትናንት ጀምሮ ሆዳቸው አልያዘላቸውም፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ጎረቤት ጠርተን ደግፈን ወደ መኪና ስናወርዳቸው ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ከዚያ በኋላ ለመናገር ድፍረት እንደማይኖረኝ አውቄዋለሁ። ውኃው ምን እንደነበረ፣ በዚያ ጠዋትም እንደጠረጠርሁ ነገርኋቸው። ዓይናቸውን እንደከደኑ ሳቅ የመሰለ ነገር ታገላቸው።

«እኔስ ሲሸተኝ ወንዛዬ መስሎኝ» አሉ። «ያ ፍል ውኃም ይሸት የለ። መድኃኒት ይሆናል፣ ለጉልበቴ ይበጀኛል ብዬ፣ ጨክኜ አብዝቼ ጠጣሁት።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይሰድበኝ ነበር፤ ስድቡን ደግሞ እፈልገው ነበር። ሐኪም ቤት አራት ቀን ተኙ፤ ዳኑ። እኔ ያን ቀን ቤት ገብቼ እጄንና ፊቴን በሳሙና ደጋግሜ ታጠብሁ። ሽታው አለ። «በምን ውኃ?» ብዬ የጠየቅሁት ያ የልጅነት ጥያቄ የመጣልኝ ያኔ ነው፤ ሳሙናውን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ።

ኩሬውን አፈረስነው። የሽንት ቤቱን ጉድጓድ አስመጥጠን ዘጋነውና ሌላ በታችኛው ጥግ አስቆፈርን። ምንጯ ንጹሕ መሆኗ እስኪረጋገጥ ሰፈሩን ውኃ በመኪና አመላለስሁለት፤ ለምን እንደሆነም በየቤቱ እየገባሁ ተናገርሁ። አንዳንዱ ፊቱን አዞረብኝ፤ ያቺ «ጠበል» ያለች ባልደረባዬ እስከ ዛሬ ቤቴ ውኃ አትቀምስም። ከዚያ አዲሱ ምንጯን ከሣጥኗ በቀጥታ በቧንቧ ግንቡን አሻግሮ መንገድ ዳር አወጣት። ደጄ እንደፈራሁት በጄሪካን ተሞልቷል፣ ጭቃም ሆኗል። ነጩ ጠጠር ለጭቃው መደልደያ ሆነ።

አብዬ ደምሴ ከሞቱ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። ከተረቶቻቸው የቀረልኝ የኩበቱ ጭስና ያ የሚያቃጥል ድንች ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ጥያቄውም ሳልሰማው ሲከተለኝ ኖሯል። አሁን ቢሮ ለባለጉዳይ «እናያለን» ልል አፌን ስከፍት ምላሴ ላይ ያ ሽታ ይመጣብኛል።

እማማ ይመኙሻል ከቧንቧው ለመጀመሪያ ጊዜ የቀዱ ዕለት በር ላይ ቆሜ ነበር። ውኃውን በእፍኛቸው አሸተቱት፣ ቀመሱት፣ ጄሪካናቸውን ሞሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«እግዜር ያክብርልኝ ልጄ። የውኃ ጥም አያሳይሽ፤ ልጆችሽ ይባረኩ።»

ቃሉ ያው የዚያን ጠዋቱ ነው። እጃቸውን እንደዘረጉ ጠበቁኝ። አሜን ማለት አቃተኝ፤ ዝቅ ብዬ ጄሪካኑን አንሥቼ ወደ ቤታቸው ተከተልኋቸው።