ማርሲያና ያለበሰችው መስቀል

እኛ ከተማ፣ ትላክስካላ ውስጥ፣ ማርሲያና ኩዋማትሲን የማያውቅ ግንበኛ የለም። አጭር፣ ደንደን ያለች፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ ስትስቅ ድምፅዋ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። እሷ ግድግዳ ስታቆም እኔ ብረት እያሰርኩ ብዙ ሕንፃ ላይ አብረን ሠርተናል።

ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ነው። እሳቸውም ግንበኛ ነበሩ። እሷ ገና ልጃገረድ ሳለች ፑኤብላ ከተማ ውስጥ ከመወጣጫ ላይ ወድቀው ሞቱ። ጓደኞቻቸው በወደቁበት ቦታ፣ ግድግዳው ሥር፣ ትንሽ የብረት መስቀል ተከሉላቸው። ማርሲያና ያንን መስቀል ዐይኗ እንዲያይ አልፈለገችም። ለዓመታት በዚያ መንገድ አላለፈችም። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ በሚውለው በመስቀል ቀን፣ እኛ ግንበኞች በምንሠራው ሕንፃ አናት ላይ መስቀል ስናቆም እንኳ፣ "እኔ ሥጋውን ልጠብቅ" ብላ ታች ትቀር ነበር።

አንድ ዓመት መስቀሉን በአበባና በወረቀት የምታለብሰው ሴት ታመመችና ሥራው እሷ ላይ ወደቀ። እምቢ ማለት አሳፈራት። አጎንብሳ አበባውን ስታስር፣ ወረቀቱን ስትጠቀልል ቆየችና ድንገት ቀና አለች።

"ባዶ እኮ ነው" አለችኝ።

"ምኑ?"

"መስቀሉ። ማንም የለበትም። ወርዷል።" አበባውን ማሰር ቀጠለችና፣ "አባቴም እዚያ ግድግዳ ሥር የለም" አለች።

ከዚያ ወዲህ መስቀል ማልበስን ለማንም አልለቀቀችም። ገና ከፋሲካ በፊት ቀለም ትመርጣለች፣ አበባ ታስይዛለች፣ እኛንም እረፍት ትነሳናለች።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው የኦቲሊያን ቤት ስንሠራ ነው። ኦቲሊያ ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ታች ዳቦ ቤት፣ ላይ መኖሪያ ነበር የምታሠራው። ፎርማናችን አቡንዲዮ ይባላል። ጎበዝ፣ ቁጥብ ሰው ነው፤ በቅርቡ ደግሞ ጴንጤ ሆኗል። የመስቀል ቀን ሲቃረብ ሁላችንም ዐይን ዐይኑን ማየት ጀመርን። እሱ ሥራውን ቀጠለ። በዋዜማው ግን ማርሲያና ለመስቀሉ ሁለት የሞራሌ እንጨት መርጣ ስትልግ አያትና ቆመ።

"እትዬ ማርሲያና" አለ፣ "ነገ በዓላችሁ ነው፤ ብሉ፣ ጠጡ፣ ጨፍሩ። መስቀሉ ግን እኔ በምመራው ሥራ ላይ ባይወጣ ደስ ይለኛል።"

"ምን አደረገህ?"

"አንቺው ፍረጂ። ወንድምሽን በጩቤ ቢገድሉት፣ ጩቤውን አበባ አልብሰሽ ጣሪያሽ ላይ ትሰቅዪዋለሽ?"

ሲሚንቶና አሸዋ እያዋሃደ ማልታ የሚያቦካው ናቦር ባልዲውን መሬት አስቀመጠና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "አለቀልን" አለኝ። "በጉም ቀረ፣ የምንጠጣው ፑልኬም ቀረ።"

ማርሲያና መላጊያውን አላቆመችም። "ወንድሜ በዚያው ሞቶ ቢቀር ጩቤውን አርቄ እጥለው ነበር" አለች። "በሦስተኛው ቀን በሬን አንኳኩቶ 'እኔ ነኝ፣ ራት አለ ወይ?' ቢለኝ ግን ያ ጩቤ ከዚያ በኋላ ምን ያስፈራኛል? ልጆቼ ዳቦ ይቆርጡበታል።"

አቡንዲዮ ሳቁ መጣበት፤ ዋጥ አደረገው። "እኔ የማመልከው ጌታን ነው፣ እንጨት አይደለም።"

"እኔስ እንጨት የማመልክ መሰለህ? ይኸው እየላግሁት አይደል? ሰውየውን ሊያዋርዱበት ነበር ያቆሙት፤ እሱ ደግሞ ውርደቱን ገልብጦ ክብር አደረገው። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ የምንሸከም እኛ ይሄ ካልገባን ለማን ሊገባ ነው?"

አቡንዲዮ ኮፍያውን አወለቀና መልሶ አጠለቀው። "እሺ። አልከለክልም፤ አልመጣምም" ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ርችቱ ጀመረ። ከየሰፈሩ፣ ከየጅምር ሕንፃው ይተኮሳል፤ የከተማው ውሻ ሁሉ ይጮኻል። እኛ ታጥበን፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰን፣ መስቀሉን ወደ ቤተ ክርስቲያን ተሸከምነው። ማርሲያና ሰማያዊና ነጭ ወረቀት አልብሳው፣ መሐሉ ላይ ነጭ አበባ በክብ አስራበት ነበር፤ ሙሽራ ይመስላል። ቅጥር ግቢው ውስጥ ሌሎች ግንበኞችም መስቀላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ሁሉም የእኛን በጎን ያያሉ። ማርሲያና እያየች እንዳላየች ሆነች፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል። ቄሱ ጠበል ሲረጩ ናቦር ፊቱን አስቀደመ። "ለኃጢአቴ አንድ ባልዲ ካልሆነ አይበቃም፣ አባ" አላቸው፤ እሳቸውም አላሳፈሩትም፣ አራሱት።

ኦቲሊያ ቤት ስንደርስ የበጉ ሽታ ተቀበለን። ሥጋው እንደ ቃጫ ባለው በማጌ ተክል ቅጠል ተሸፍኖ፣ በጋለ ጉድጓድ ውስጥ ሲበስል አድሯል። ማንም ግን መስቀሉ ሳይቆም አይቀምስም። ገመድ አስረን ወደ ላይ መጎተት ጀመርን። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ነፋስ ተነሣ፤ ወረቀቱ እንደ ሸራ ተነፋና መስቀሉ መሽከርከር ያዘ። ታች ያሉት ይጮኻሉ፣ ላይ ያለነው እንስባለን። ማርሲያና በጣሪያው ሶሌታ ጠርዝ ላይ በሆዷ ተኝታ እጇን ዘረጋች፤ እኔ እግሯን ያዝኩ። አግዳሚውን ጨበጠችው። "ይዤዋለሁ፣ ሳቡ" አለች፤ ሳብን፤ ወጣ።

ከዓምዱ ወጥተው ከቆሙት ብረቶች ጋር በሽቦ ላስረው ስል ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

"ዘሟል።"

አቡንዲዮ ነው። የሥራ ልብሱን ለብሶ ደረጃው ላይ ቆሟል።

"አልመጣም አላልክም ነበር?" አለው ናቦር።

"የመጣሁት ሶሌታውን ለማየት ነው። ገና በቅጡ ያልጠነከረ አርማታ ላይ ይሄ ሁሉ ሰው ሲወጣ ዝም ልበል?" ዐይኑ ግን ከመስቀሉ አልተነቀለም። "ዘሟል እኮ። ከመንገድ ይታያል። ሰው ምን ይላል? አቡንዲዮ የሠራው ነው ይላል።"

"እና ምን ይሁን?" አለች ማርሲያና ሳቋን አፍና።

ከኪሱ ቱንቢውን አወጣ። "እኔ አልባረክሁትም። እያቃናሁት ነው፣ በቃ" አለና ክሩን ለቀቀ። "ወደ ግራ። ትንሽ። በዛ፣ መልሽው። እንደሱ፤ አትንኩት።" መስቀሉን ራሱ በሁለት እጁ ይዞልኝ አሰርኩት። የማርሲያና አበባ ጉንጩን እየነካው ነበር፤ ፊቱን አላዞረም።

አስሬ ስጨርስ ቀና ብሎ አየው። "ባዶ መሆኑ ጥሩ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "እኛም ጋ የምንሰብከው እሱኑ ነው። ተነሥቷል።"

"ታዲያ በምንድነው ትናንት የተጣላነው?" አለችው።

"በአበባው" አላት።

ያኔ ርችቱ ከእኛ ሰገነት ተለቀቀ፣ ታች ጥሩምባና ከበሮ ጀመረ፣ ኦቲሊያ የጉድጓዱን ክዳን አስነሣች። ሥጋው በእጅ ሲነካ ከአጥንቱ ይለያል፤ በትኩስ የቶርቲያ ቂጣ እየጠቀለልን ከንፈራችን እስኪቃጠል በላን። አቡንዲዮ ፑልኬውን አልነካም፤ ሥጋው ላይ ግን ማንም አልደረሰበትም። ማርሲያና አፏን እየጠረገች መጥታ ክንዱን ያዘችው።

"ተነሥ፣ እንጨፍር።"

"ቤተ ክርስቲያኔ አይፈቅድልኝም፣ እትዬ።"

"እንግዲያው አጨብጭብልኝ።"

አጨበጨበላት። ግድግዳ ሲያቃና እንደሱ ያለ ሰው የለም፤ ጭብጨባው ግን ከከበሮው ጋር አንዴም አልገጠመም። እሷ ምንም ሳይመስላት ቀሚሷን ይዛ ዞረች፣ ተመለሰች፣ ደግማ ዞረች፤ ናቦር አብሯት ገባ፣ እኔም ገባሁ።