በእናቱ ቋንቋ የማይከፈት አፍ

በደቡብ አፍሪካ፣ በጆበርጉ የቤሪያ ሰፈር፣ የፎቁ ሐሜተኞች በአጵሎስ ጉዳይ ለሁለት ተከፍለው ነበር። ግማሾቹ «አገሩን የካደ» ይሉታል፤ የቀሩት ደግሞ «የሆሳዕና ልጅ ነኝ የሚለው ውሸቱን ነው» ባዮች ናቸው። እንዴት አይሉ? ሰውዬው ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ባለው ሱቁ አሮጊቶቹን በዙሉ ቋንቋ እያሳቀ ዳቦ ይሸጣል። ቸርች ውስጥ በአማርኛ ሲጸልይ የአዲስ አበባ ልጆች አንገታቸውን ይደፋሉ። ፖሊስ ሲመጣበት በእንግሊዝኛ ተለማምጦ ይሸኘዋል። በሀዲይኛ ያናገሩት ቀን ግን ሁሉንም ይሰማል እንጂ አንዲት ቃል አይወጣውም።

ነገሩ ክህደት አልነበረም። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ እናቱ ያወጣችለትን ሀቢሶ የሚል ስም ከነጋቢው አውልቀው አጵሎስ አሉት። የቤቱን ቋንቋ የተናገረ ልጅ አንገቱ ላይ የበሬ አጥንት ይንጠለጠልበታል፤ ሌላ ተናጋሪ ካላጋለጠ ማታ እሱ ይገረፋል። የመኝታ ቤቱ አለቃ ጆሮው ደከም ስለሚል የልጆቹን ከንፈር ነበር የሚጠብቀው። አጵሎስም ከንፈሩን ገጥሞ መዋል ለመደ። ለእረፍት ቤቱ ሲሄድ እናቱ ታወራለች፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል።

እናቱ ከሀዲይኛ በቀር አታውቅም። ስለዚህ ጆበርግ ከመጣ ጀምሮ በስልክ የምታገናኛቸው ታናሽ እህቱ ነበረች፤ እሷም አስተርጓሚ ተብላ የፈለገችውን የምታስቀር ሴት ናት። እናትየው ከጎን ሆና ትንፋሿ እስኪያጥር ታወራለች፤ ስልኩን የያዘችው እህትየው «ደህና ነኝ ትላለች» ብላ ትዘጋዋለች።

ኮሮና ገብቶ አውሮፕላን በቆመበት ሰሞን እህቱ ደወለች።

«ወንድም ጋሼ፣ እማዬ አትተርፍም። ቋንቋችንን ከልጄ አፍ ሳልሰማ አልሞትም፣ አስተርጓሚም አልፈልግም ብላለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጌዋለሁ።»

አጵሎስ አፉን ከፈተ። ላብ ብቻ ወጣው።

በግድግዳው በኩል ስትሰማ የቆየችው ጎረቤቱና ያገሩ የሆሳዕና ልጅ በለጥሽ፣ ፎቁ ሁሉ ምላሷን የሚፈራት፣ ሳታንኳኳ ገባች።

«ስልኩን እኔ ልያዝልህ። ግን መጀመሪያ ማስክህን አጥልቅ! ሲያስልህ ነው ያደረው፤ ለሐሜት እንጂ ለሞት አልመጣሁም።»

አጠለቀ። ከጨርቁ ስር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ማንም እንደማያየው ገባው። ያኔ ቋንቋው መጣ።

«እማዬ፣ በረደኝ» አለ በሀዲይኛ። «ራበኝ። ነይ ውሰጂኝ።»

በለጥሽ ሳቋ አመለጣት። «በፈጠረህ! ይህን ሽበት ተሸክመህ እንደ ሕፃን?» ካለች በኋላ ዓይኑን አይታ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋችለት።

ሌላ ቃል አልነበረውም። ይቅር በይኝ ማለት ፈልጎ ነበር፤ ልጆች ወልጃለሁ፣ ሱቅ አለኝ፣ ሰው ሆኛለሁ ማለት ፈልጎ ነበር። ቋንቋውን የተወው በሰባት ዓመቱ ስለሆነ ያገኘው የሰባት ዓመት ልጅ አፍ ነው።

ከወዲያ ማዶ የእናቱ ድምፅ በተቆራረጠ ትንፋሽ መጣ። «የት ነው ያስተኙህ? የሚለበስ አልሰጡህም? አታልቅስ፣ ሀቢሶ። እመጣለሁ።»

ሳምንት ሳይሞላ አረፈች። የቀብሩን ዕለት እህቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳታስቀር፣ ሁሉንም ነገረችው። እናቱ እስከ መጨረሻዋ ከአልጋ ለመውረድ ስትታገል ነበር። ልጄ ብርድ ላይ ነው፣ ጫማዬን አቀብሉኝ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ እያለች።

አጵሎስ ስልኩን አስቀምጦ የበለጥሽን በር መታ።

«አድጌያለሁ፣ አትምጪ፣ ዕረፊ የሚለው በእኛ እንዴት ነው የሚባለው?»

በለጥሽ ነገረችው። ተሳሳተ፤ አረመችው። ደግሞ ተሳሳተ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ አጠራሩ የትልቅ ሰው እስኪሆን ድረስ አስደገመችው።