የአያ ሞላ ዝም ያሉ አውታሮች

ትናንት ከሰዓት ደብረ ታቦር ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እኔ አያ ሞላ ቤት ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እስክመሰገን እየጠበቅኩ ነበር...

አያ ሞላ ክራር ተጫዋች ናቸው። ነበሩ ልበል... ዓምና ስትሮክ መትቷቸው ግራ እጃቸው አልታዘዝ ብላለች። ልጃቸው የሻረግ ኖታ ያስተማርኳት ተማሪዬ ናት። የአባቷን የክራር አመታት ስልት መውረስ ትፈልጋለች፤ በእጇ ያለው ግን ከሕመሙ በፊት በስልክ የቀዳችው አንድ ዜማ ብቻ ነው። ወደ ኖታ እንድገለብጥላት ለመነችኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ እያዳመጥኩ የሰማሁትን ኮምፒውተር ላይ ጻፍኩ። አንዲትም ድምፅ አላመለጠችኝም ብዬ ነበር።

የሻረግ ከስክሪኑ እያነበበች ተጫወተች። አያ ሞላን ቅር አላቸው።

«ዜማው እሱ ነው። አመታቱ ግን የኔ አይደለም። ስንት አውታር ነው የጻፍህ?»

«ሦስት... በአንድ ምት የሚሰማው ሦስት ነው፣ አያ።»

«እኔ ስድስቱንም ነው የገረፍሁ። ዝም ያሉትንም መትቻቸዋለሁ።»

አፈርኩ። ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ ስድስቱንም አውታር ይመታል፤ መጮህ የሌለባቸውን ግራ እጅ በጣት ይዘጋቸዋል። ይህን እያወቅኩ ጆሮዬ የሰማውን ብቻ ነው የጻፍኩት። የስልኩ ቅጂ ደግሞ የትኛው ጣት የት እንደነበረ አይናገርም።

«የትኞቹን ይዘጉ እንደነበር ያስታውሱታል?» አልኳቸው።

ክራሩን ከልጃቸው ተቀብለው ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ በቀኝ እጃቸው ያችን የዛለች ግራ እጃቸውን አነሱና ጣቶቿን አንድ በአንድ እየያዙ አውታሩ ላይ አስቀመጧቸው...

«ለመጀመሪያዋ ምት ይኸው።» አነሷቸውና ሌላ ቦታ አደረጓቸው። «ለሁለተኛዋ ይኸው።»

እኔ ከሥር ከሥር እጽፋለሁ። ሶፍትዌሩ ደግሞ የተደረደሩትን ስድስት ኖታዎች መርጬ የተዘጋችውን አንዷን ብቻ በኤክስ ምልክት ልለውጥ ስል ስድስቱንም ኤክስ ያደርግብኛል። ላፕቶፑን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ... ለካ ኮርዱን፣ አብረው የተደረደሩትን ስድስቱን፣ በሙሉ መምረጥ የለብኝም፤ የአንዷን ኖታ ራስ ብቻ ነክቼ መለወጥ ነው። የጮኸችው ክብ፣ የተዘጋችው ኤክስ።

ዜማው እስኪያልቅ አላመነቱም። አንድ ቦታ ብቻ «ቆይ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑና የቀለበት ጣታቸውን ትንሽ ፈቀቅ አደረጓት። እጃቸው የረሳችውን እሳቸው አንዱንም አልረሱም።

የሻረግ እንደገና ተጫወተች። የተዘጉት አውታሮች ደረቅ «ጭ» የሚል ድምፅ ከዜማው ሥር መጣ... አያ ሞላ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«የታለች ጣቴ?»

ኤክሷን አሳየኋቸው። ብዙ አዩዋት።

«በስተርጅና ጣት አበቀልሁ በለኛ» አሉ። ልጃቸው ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች።

ይህን የኤክስ ምልክት ለዓመታት «እዚህ ድምፅ የለም» እያልኩ ነው ያስተማርኩት... ሰኞ ክፍል ስገባ «እዚህ ጣት አለ» እላለሁ።