ሲምሲም ለቅሶ የደረሰበት ዕለት

ባለቤቴ ማሩ ካረፈ በኋላ የሥራ ጠረጴዛውን መንካት ከብዶኝ ከርሞ፣ ሰሞኑን የኸሪፉ፣ የክረምቱ ዝናብ በቆርቆሮው ሽንቁር እየገባ ወደዚያው ጥግ ሲንጠባጠብ፣ አሮጌ ኮምፒውተሩን ከውሃው ለማሸሽ አነሣሁት፤ ካነሣሁት አይቀር ይሠራ እንደሆነ ልየው ብዬ ሶኬቱን ሰካሁ። ማራገቢያው እያጓራ ተነሣ። ጥቂት ቆይቶ ከጀርባው የጋለ አቧራ ሽታ መጣ፤ ከአቧራው ውስጥ ደግሞ የተቆላ ሰሊጥ ይሸታል። ሌላ ሰው ቢሆን ሊቃጠል ነው ብሎ ይነቅለው ነበር። እኔ ግን ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥሁ፤ ይህ ሽታ የልጅነቴ ሽታ ነውና።

ጋሽ ኢድሪስ ከመተማ ወገን ወደ ሱዳን መጥተው ገዳሪፍ የከረሙ ነጋዴ ነበሩ። ኢንተርኔት የሚባል ነገር ከተማው ሲገባ፣ ከገበያው ጀርባ ያለውን የሰሊጥ መጋዘናቸውን በጣውላ ለሁለት ከፍለው በአንዱ ወገን ጆንያ፣ በሌላው ወገን ኮምፒውተር አስቀመጡ። ጣውላው ጣሪያው ድረስ አይደርስም ነበርና፣ ወዲያ ማዶ ሰሊጥ ሲበጠር ብናኙ በላይ እየተሻገረ ማሽኖቹ ውስጥ ይገባል፤ ማሽኖቹ ሲግሉ ቤቱ በሙሉ ቆሎ የሚቆላበት ይመስላል። ለገበያ የወጡ ሴቶች የሚበላ የሚሸጥ መስሏቸው አንገታቸውን ብቅ ያደርጉና፣ ጎረምሶች በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አፍጥጠው ሲያዩ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ይመለሱ ነበር።

እኛን የሳበን የኮምፒውተር ጨዋታ ያለው በአንዱ ማሽን ላይ ብቻ ነበር። ከዓለም ዙሪያ ሰዎች በኢንተርኔት የሚገናኙበት፣ ዘንዶና ድንክ፣ ጦረኛና አስማተኛ የሞሉበት የፈጠራ አገር ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች በዚያ አገር ውስጥ የሚያንቀሳቅሰው አንድ የራሱ ሰው አለው። ፈረንጆቹ ያወጡለት ስም ለምላሳችን ስላልተመቸ እኛ በለድ አልነው፤ በዓረብኛ አገር ማለት ነው። መስመሩ ከመቀርፈፉ የተነሣ በለድ ውስጥ አንድ ወንዝ ለመሻገር አንድ ብርጭቆ ከርከዴ ተጠጥቶ ያልቃል።

የሚጫወቱት ሦስት ጓደኛሞች ነበሩ። ማሩ ያን ጊዜ ባሌ አልነበረም፤ በመጋዘኑ ማዶ ጆንያ የሚሰፋ፣ ትልቁን መርፌ በሸሚዙ ኪስ ሰክቶ የሚዞር ዝምተኛ ጎረምሳ ነበር። ሙሳ የጋሽ ኢድሪስ ልጅ ነው። ተኽለ ደግሞ ከኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ የመጣ፣ አማርኛው ከትግርኛ ጋር የሚላተም ኤርትራዊ። ማሽኑ አንድ ስለሆነ ሦስቱም በለድ ውስጥ ያላቸው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስሙን ለማውጣት ሲጨቃጨቁ ውለው፣ በመጨረሻ ሙሳ ዙሪያውን ቃኘና ጆንያው ላይ ያየውን ቃል ጻፈ፤ ሲምሲም፣ ሰሊጥ። ትከሻው እንደ በር የሰፋ ባለ መጥረቢያ ጦረኛ እንዲህ ሆኖ ሰሊጥ ተብሎ ቀረ። የውጭዎቹ ተጫዋቾች ግን የጥንት ጀግና ስም መስሏቸው ያከብሩት ነበር። ቀን ተካፍለው በየተራ ይይዙታል፤ ተራው የደረሰ ሰው ማሩ ከጆንያ ጨርቅ የሰፋት መከዳ ላይ ይቀመጣል፤ መከዳዋን ያልያዘ ደግሞ ምክር ከመስጠት አይከለከልም።

እኔ ተራ አልነበረኝም፤ ዜና ነበረኝ። አባቴ በኡም ጋርጉር ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖ በቆየበት ዘመን እንግሊዝኛ ያስጠናኝ ነበር። የጨዋታው ወዳጆች ደግሞ ዜና የሚያወጡበትና የሚወያዩበት ገጽ ነበራቸው፤ የትኛው ዘንዶ እንደበረታ፣ የትኛው ከተማ ሊከፈት እንደሆነ፣ ማን ከማን ማኅበር እንደተጣላ ሁሉ እዚያ ይወጣል። ዓርብ ዓርብ፣ ጋሽ ኢድሪስ ከጁምዓ ሲመለሱ፣ ጆንያ ሰፊዎቹም ራክሻ፣ ማለት ባጃጅ ነጂዎቹም ይሰበሰቡና እኔ ከመስታወቱ እያየሁ በአማርኛ አወራላቸዋለሁ፤ የጎደለኝን በዓረብኛ እሞላለሁ። ከአድማጮቹ አብዛኞቹ ጨዋታውን ነክተውት አያውቁም። ግን ያገራቸውን ወሬ እንደሚሰማ ሰው ጸጥ ብለው ያዳምጡኛል።

ትርጉሙ የራሱ ጣጣ ነበረው። ቁስለኛ የሚያድነውን ወጌሻ አልሁት፤ ይህን ሁሉም ወደደው። አስማተኛውን ደብተራ ብለው ግን ሙሳ ቅር አለው፤ ደብተራ የእናንተ ብቻ ነው፣ በኔ ተራ ቀን ፈኪ በይው አለኝ። ፈኪ በሱዳን ክታብ የሚጽፈው ሼኽ ነው። ስለዚህ ያ ምስኪን አስማተኛ እንደ ቀኑ ሃይማኖቱን ሲቀያይር ኖረ። ጋሽ ኢድሪስ ደግሞ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ሰምተው ሰምተው፣ «ያ ብንቲ፣ ልጄ፣ እዚያ አገር ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ስለ ዝናብ የተጻፈ የለም ስላቸው አዘኑ። ታዲያ ያ ሁሉ ጦረኛ ምን በልቶ ነው ዘንዶ የሚገድለው አሉኝ። ደግነቱ በውይይቱ ገጽ ስፈልግ አንድ ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠይቆ ብዙዎች ተከራክረውበት አገኘሁና አነበብሁላቸው፤ እዚያም ገበሬ የሚያስብ ሰው አለ ማለት ነው ብለው ደስ አላቸው።

ማሩ አንዳንድ ጊዜ መከዳዋን ወደኔ ይገፋና፣ ዛሬ በኔ ተራ አንቺ ያዢው ይለኝ ነበር። አፍር ነበር፤ በወንዶች መሀል፣ ያውም መጥረቢያ ይዤ። ዜናው ይበቃኛል ስለው፣ «እንግዲያው አስቀምጬልሻለሁ» ብሎ ይመለሳል።

አንድ ዓርብ እንደ ልማዴ ዜናውን ከላይ ወደ ታች ስወርድ አንዱን በዚያው በዜና ድምፄ ጀመርሁና፣ ግማሽ ላይ ስደርስ ነው ስለ ማን እያነበብሁ እንደሆነ የገባኝ። ስለ ሲምሲም ነበር። ይህ ጦረኛ ግራ አጋብቶናል ይላል፤ እሑድ እሑድ ገበያ ላይ በአንድ ቆዳ ዋጋ ሰው እስኪሸሸው ይከራከራል፤ ማክሰኞ ብቻውን ዘንዶ ላይ ይዘምታል፤ ሐሙስ ደግሞ አዲስ ሰዎች የሚገቡበት ድልድይ ዘንድ ቆሞ፣ መንገድ የማያውቁትን ጫካውን እያሻገረ ይውላል። ሲምሲም በገባበት ማኅበር ሕግ አንድን ሰው የሚይዘው አንድ ተጫዋች ብቻ ነው። ተሰርቆ ይሆን? ባለቤቱ ታሞ ይሆን? ሲምሲም ከማኅበሩ ይወገድ ወይስ ይቆይ የሚለው ለውይይት ቀርቧል።

አንብቤ ስጨርስ ራክሻ ነጂዎቹ ዜና ላይ ወጣችሁ ብለው አጨበጨቡ። ሦስቱ ግን ፊታቸው ተለዋወጠ። ሙሳ መንታ ወንድማማቾች ነን እንበል አለ። ተኽለ ለምን እንለማመጣቸዋለን፣ ትተናቸው ሌላ ሰው እንፍጠር አለ። ማሩ መርፌውን ከኪሱ ነቅሎ በጣቱ መሀል አዞረው። እርሱ ሕፃን ሳለ በገላባት በኩል ድንበር ሲሻገሩ ከዘመዶቹ ተነጥሎ፣ የማያውቃት ሴት ናት እጁን ይዛ ሾዋክ ከተማ ያደረሰችው፤ ሐሙስ ሐሙስ ድልድዩን የማይለቀው ለዚህ ነበር። ይህን እኔ እንኳ ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

«ብንዋሽ ይምሩን ይሆናል» አለ በመጨረሻ። «ግን የሚምሩት ሌላ ሰው ነው፤ እኛን አይደለም። እንዳለ ጻፊው፣ ትርንጎ።»

እንዳለ ጻፍሁት። ሦስት ነን፤ ማሽናችን አንድ ነው፤ ገበያ የሚከራከረው የነጋዴ ልጅ ነው፤ የሚዘምተው የሚያስፈራው ነገር ያልተፈጠረ ነው፤ ድልድዩ ዘንድ የሚቆመው ጆንያ ይሰፋል፤ የምጽፈው እኔ ደግሞ ሲምሲምን ይዤው አላውቅም። ልታስወጡት ብትፈልጉ ማስወጣት ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ሦስቱም በየተራቸው ወዳጆቻችሁ ነበሩ።

ይህን በላክሁ ማግሥት ኸሪፉ ገባ። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር አንዴ ውሃ ከጠጣ እግርም ጎማም አይለቅም፤ የጭነት መኪኖቹ የሾዋክ መንገድ ላይ ተቀርቅረው ቀሩ፣ የስልኩ መስመርም ተበጠሰ። ዓርብ ሲመጣ ሰዎቹ እንደ ወትሮው ጫማቸውን ከጭቃ እየነቀሉ መጡ፤ ዜና የለም ስላቸው ያለፈውን ድገሚልን አሉኝ፤ ደገምሁላቸው። ተኽለ ግድ የለኝም እያለ በር በሩን ያያል። ማሩ አንድ ጆንያ ሰፍቶ ጨርሶ፣ ስፌቱ አልጣመውም መሰለኝ ፈትቶ እንደገና ይሰፋል። አንድ ቀን ብቻ፣ ቀና ሳይል፣ «ቢያባርሩን አዲስ የሚገባውን ሰው ማን ይቀበለዋል?» አለኝ።

መስመሩ በተመለሰ ዕለት የጋሽ ኢድሪስ ቤት መቆሚያ አልነበረውም። ውይይቱ ገጽ በገጽ ላይ ተጨምሮ አገኘሁት፤ እኩሌቶቹ ሕግ ሕግ ነው ይላሉ፣ እኩሌቶቹ እኔን ጫካውን ያሻገረኝ ሲምሲም ነው፣ ማንም ይሁን ማን ይላሉ። ከሁሉም በኋላ የማኅበሩ አለቃ ጽፎ ነበር። አለቃው በለድ ውስጥ ነጭ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሽማግሌ ባላባት ነው፤ ሁላችንም ጡረታ የወጣ ወታደር ይመስለን ነበር። እንዲህ ብዬ ተረጎምሁት።

«እኔም ብሆን ይህ ሽማግሌ አይደለሁም። ሽማግሌው የባለቤቴ ነበር። ከሞተ በኋላ ተገትሮ እንዳይቀር ብዬ ገባሁበት፤ ያን ቀን አንዲት እርምጃ ለማራመድ ጣቴ አልታዘዘኝም። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። ሲምሲም የሚወጣ ከሆነ እኔ ቀድሜ እወጣለሁ።»

ያን ቃል ሳነብ ልጅ ነበርሁ፤ አጠራሬ ላይ እንጂ ትርጉሙ ላይ ልብ አላልሁም። ጋሽ ኢድሪስ ግን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው በለሆሳስ ዱዓ አደረጉና ወደ ልጆቹ ዞሩ።

«ታዲያ ምን ትቀመጣላችሁ? ለቅሶ ሰምቶ ዝም ይባላል?»

ሙሳ ሰውየው ከሞተ እኮ ቆየ፣ ዓመታት ሆኖታል ቢላቸው፣ «እኛ የሰማነው ዛሬ ነው» አሉት።

እንዲህ ሆኖ ሲምሲም ለቅሶ ሊደርስ ተነሣ። ሦስቱም በአንዲት መከዳ ጫፍ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ ሲደክመው አንዱ እየተቀበለ፣ ወንዙን፣ ጫካውንና ተራራውን አሻግረው ሽማግሌው ከቆመበት ምሽግ በር አደረሱት። መንገድ ላይ ዘንዶ አገኙ፤ ተኽለ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አለፈው፤ ለቅሶ እየሄዱ አይጣሉም አለ። ማሩ ለመቀመጥ የሚያገለግለውን ቁልፍ ተጫነ። ሲምሲም መጥረቢያውን መሬት ላይ አድርጎ ከሽማግሌው ጎን ቁጭ አለ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልነካም። የሚያልፉ የሚያገድሙ ተጫዋቾች እየቆሙ ያዩናል። ሴትዮዋ ምን ፈልጋችሁ ነው ብላ ጻፈች። እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ዘግይተን ስለሰማን ነው ብዬ መለስሁላት። ለረጅም ጊዜ ምንም አልመጣም፤ መስመሩ እንደገና የተቆረጠ መስሎን ነበር። ኋላ ግን ነጭ ጢሙ ሽማግሌ ቀስ ብሎ እርሱም ተቀመጠ። ጀንበር ማዘቅዘቅ እስክትጀምር እንዲያው አብረን ተቀመጥን፤ ጋሽ ኢድሪስም ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ብለው ለሁላችንም ሻይ አስመጡ።

ስለ ሕጉ ከዚያ ወዲያ ያነሣ የለም። በሚቀጥለው ዓርብ ግን ከውይይቱ ሥር የጻፈችውን አንብቤላቸዋለሁ፤ ባሌ ከሞተ ጀምሮ ሰው ብዙ ቃል ልኮልኛል፣ መጥቶ አጠገቤ የተቀመጠ ግን የለም ነበር ትላለች።

ማሩና እኔ ኋላ ተጋባን፤ መርፌውን ትቶ ኮምፒውተርና ስልክ እየጠገነ አኖረኝ፤ ደግ ኑሮ ኖርን። ሙሳ ለንግድ ገላባት ገባ፤ ተኽለ በረዶ ከሚጥልበት አገር ደረሰ፤ ጋሽ ኢድሪስን እዚሁ ቀበርናቸው። ሲምሲም፣ ያ አሮጌ ማሽንና መከዳዋ ለማሩ ቀሩለት፤ ሐሙስን ግን አልለወጠም። በመጋዘኑ ቦታ ዛሬ የስልክ ካርድ ይሸጣል፤ ቤቱ ምንም አይሸትም። ሁሉም የየራሱን ዜና በየራሱ ስልክ ለብቻው ያነባል። በማያውቀው አገር ዝናብ ዘነበ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከሰማሁ ቆይቷል፤ ከጠፋብኝ ነገር ሁሉ ይህ ድምፅ በጣም ይናፍቀኛል። የነበረኝ ግን ብዙ ነው፤ ማንም ሊቆጥርልኝ አይችልም።

ማሽኑ ሲሞቅ የዜናውን ገጽ ከፈትሁ። ሳስቷል፤ ጸሐፊዎቹም ጥቂት ናቸው። ከላይ ያለው ተኽለ እንደ አማርኛው በሚላተም እንግሊዝኛው የጻፈው ነበር። በስልክ መርዶውን የነገርሁት እኔው ነኝ፤ እዚያ ላይ ያወጣዋል ብዬ ግን አላሰብሁም። ቤቱ ውስጥ ከኔና ውሃው ከሚንጠባጠብበት ሳህን በቀር ማንም አልነበረም። ቢሆንም ድምፄን አውጥቼ፣ እንደ ዓርቡ፣ በአማርኛ አነበብሁት። «የሐሙሱ ሲምሲም አርፏል። ስሙ ማሩ ነበር። ሦስት ነበርን።» ከሥሩ ከማላውቃቸው ሰዎች የመጣ ብዙ ቃል አለ፤ ከሁሉም ታች ደግሞ አንዲት መስመር፤ ሐሙስ ሐሙስ ድልድዩ ዘንድ እንቀመጣለን።

ሐሙስ ጠብቄ ገባሁ። የይለፍ ቃሉን ያኔም ያላወቀ አልነበረም። ሲምሲም ማሩ በተወው ቦታ፣ ድልድዩ አፍ ላይ ብቅ አለ። ነጭ ጢሙ ሽማግሌ እዚያው ተቀምጧል፤ ዙሪያውን ሌሎችም፣ ምናልባት አንድ ቀን ጫካውን ያሻገራቸው ሰዎች ይሆናሉ። ሽማግሌውን አሁን የያዘችው ያችው ሴት ትሁን ወይም ልጇ አልጠየቅሁም፤ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይጠየቅ ከተማርሁ ቆይቻለሁ።

መከዳዋ ወንበሩ ላይ ነበረች። ጣቴ አልታዘዝ አለኝ፤ እንዲህ እንደሚሆን በልጅነቴ ራሴ አንብቤው ነበርና አልደነገጥሁም። ማሩ ተራዬን አስቀምጦልኝ ነበር። ቁልፉን ተጫንሁት። ሲምሲም መጥረቢያውን መሬት ላይ አድርጎ፣ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጠ።