በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ አበባ

መጋረጃ ሰፊዋ ሃያ ዓመት ሙሉ ከመጋረጃ ቁርጥራጭ ለበዓል በር ላይ የሚሰቀል አበባ ስትሠራ ኖራለች። ጨርቁን አሚዶ ውስጥ ነክራ፣ እርጥብ እንዳለ ተኩሳ ነው የምትቆርጠው፤ ሳይነከር ከተቆረጠ ይተረተራል።

ባለፈው ሳምንት የምትሠራላት ባለሱቅ «ለማስታወሻ ነው» ብላ፣ አበባውን ስትሠራ የሰፊዋን እጅ በስልክ ቀርጻ ነበር። ዛሬ ያንኑ ቪዲዮ ሱቁ ውስጥ ለደንበኞች ከፈተችው። አውራ ጣቱ ላይ ያለው የመርፌ ጠባሳ የሰፊዋ ነው፤ ድምፁ ግን የባለሱቋ። «ይኼን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ በአምስት ደቂቃ ያልቃል!» ይላል።

ሰፊዋ ወደ ስልኩ ጠቆመች። «እትዬ፣ ያ እጅ የማን ነው?»

«ኧረ በናትሽ! ለአንድ የጨርቅ አበባ ነው ይኼ ሁሉ?»

አንዷ ደንበኛ ባለሱቋን፣ «እስቲ እዚሁ ይሥሩልን» አለች።

ባለሱቋ ወደ ሰፊዋ ዞር ብላ፣ «ነይ እንጂ እህቴ፣ አሳያቸው» አለቻት።

እህቴ! ሃያ ዓመት «አንቺ» ስትባል ኖራ፣ ዛሬ እህት ሆነች። ሰፊዋ መቀሱንና አንድ አሚዶ ውስጥ ያልተነከረ ቁርጥራጭ ጠረጴዛው ላይ ወረወረች።

«የፈጠሩት እርስዎ አይደሉ? ይኸው፣ አምስት ደቂቃ አለዎት።»

ባለሱቋ ሰው ፊት እምቢ ማለት አፈረችና ቆረጠች። ጠርዙ ተተረተረ፤ ክሩም ጣቷ ላይ ተጠመጠመ። ሰፊዋ የአሚዶውን ሳፋ በእግሯ ወደ ጠረጴዛው ሥር ገፋ አድርጋ፣ እጇን አጣጥፋ ታያት ጀመር።